ድንጋይ ቋንቋ አይችልም

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ስሙን ብነግራችሁ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ መንገዱን ካወቃችሁ ደግሞ ነገሩን ትታችሁ እገሌ ማነው እገሊትስ ማናት ስትሉ ትውላላችሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና እኔ ከሥሩ ልጀምር።

በዚያ አገር አዋቂ የተባለ ሁሉ በደጃፉ ካብ ነበረው። የአጥር ካብ እንዳይመስላችሁ፣ የስም ካብ ነው። ማንም ሰው የአንድን አዋቂ ስም በሰው ፊት ከጠራ፣ ሰሚ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ከጆንያው አንድ ድንጋይ አውጥቶ ለተጠራው ሰው ይጥልለታል፤ ከሥራ ሲወጣም ወስዶ በደጃፉ ይክብለታል። ሰሚ ከጉባኤ፣ ከገበያ፣ ከለቅሶ ቤት አይጠፋም። ግራ ጆሮውን በሰም ይደፍናል፤ አንዱን ስም በሁለት ጆሮ ሰምቶ ሁለት ድንጋይ እንዳይጥል ተብሎ ነው። የገዛ ስሙን ለሚጠራ ሰው ድንጋይ አይሰጠውም፤ የሚሰጠው ጠጠር ነው። ይሁን እንጂ ጠጠርም ሲጠራቀም የካብ ቀዳዳ ይሞላልና፣ «እኔ እገሌ ዓምና እንዳልኩት፣ ደግሞም እኔው እገሌ ካቻምና እንደተናገርኩት» ሳይል ንግግር የሚጀምር አዋቂ አልነበረም። ሚስቱን ጨው አቀብይኝ ሲላት እንኳ ስሙን የሚያስቀድም ነበር አሉ።

ሌሎቹ የተሻለ ብልሃት አበጁ። ክብ ሠርተው ይቀመጡና አንዱ የአጠገቡን ሰው ስም ይጠራል፤ ያም ቀጣዩን ይጠራል፤ ጥሪው ዞሮ ዞሮ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሰሚው ጆንያውን መሐል ላይ አስቀምጦ ላቡን እየጠረገ ድንጋዩን ያድላል። እከክልኝ ልከክልህ የምንለው እኛ ነን፤ እነሱ ጉባኤ ይሉታል። አንድ ሰው አንዲት አዲስ ነገር ሲያገኝም ብቻዬን አገኘሁ አይልም። መብራት የያዘለት፣ በር የከፈተለት፣ የበር ከፋቹም አለቃ ሳይቀር አብሮ አግኚ ተብሎ ይጠራል። እንዲያውም የበር ከፋቹ አለቃ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ነው የሚጠራው።

ይህ ሁሉ ባስቀን ነበር። ካብ ግን ሥልጣን ነው። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ የካብ ቀን ይውላል። የካብ ሹሙ ገመዱን ይዞ በየደጁ እየዞረ ይለካል፤ ካቡ ከሁሉ የበለጠለት ሰው የዘር አባት ይባላል። በዚያ ዓመት አገሩ በሙሉ የሚዘራውን ዘር የሚመርጠው እሱ ነው። እሱ ከተሳሳተ አገር ይራባል።

ሕጉን ያወጣው አንድ የጥንት ንጉሥ ነው። በሱ ዘመን ሰሚዎቹ ሙገሳውን ከስድቡ እንለይ ብለው ነበር። አንዱ «አሞገሰው» ሲል ሌላው «አሽሟጠጠው እንጂ» ይላል፤ በእጃቸው ያለው ደግሞ ድንጋይ ነው። በተፈነካከቱ ጊዜ ንጉሡ አስጠርቶ፣ «ድንጋይ ቋንቋ አይችልም። ስሙ ለተጠራ ሁሉ ጣሉ፤ ምን ተብሎ ተጠራ አትበሉ» ብሎ ፈረደ። ሰሚዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። ፍርዱ በዚያን ቀን ያወረደው ሰላም ነበር። ኋላ ያወረደውን ነው እኔ የምነግራችሁ።

ከአዋቂዎቹ ሁሉ የሚፈሩት የዘር አንባቢዎች ነበሩ። በያንዳንዷ ፍሬ ውስጥ፣ በስንዴውም በገብሱም፣ በሰውም በትሉም ገላ ውስጥ ጭምር፣ ከዓይን የተሰወረ ረጅም ክር አለ ይላሉ። ክሩ አራት ቀለም ብቻ ነው ያለው። አራቱ ቀለማት በሚከታተሉበት ተራ ቁመቱም፣ ጣዕሙም፣ በሽታ መቻሉም ተጽፏል። አንባቢዎቹ ፍሬውን ዘፍዝፈው፣ አሽተው፣ ክሩን መዝዘው ያወጡታል። ማውጣቱስ ቀላል ነበር። ጭንቁ ማንበቡ ነው፤ የአንዲት ፍሬ ክር ተዘርግቶ አያልቅም።

ከነዚህ መሐል የሻረግ የምትባል ሴት ነበረች። ሁለት ክር ጎን ለጎን ወጥሮ፣ የሚመሳሰለውን ከሚመሳሰለው አግጥሞ፣ የሚለያዩበትን ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ የእንጨት መወጠሪያ የሠራችው እሷ ናት። ማስተያያ አለችው። ከማስተያያው በፊት አንዱን ክር አንብቦ ለመጨረስ የሰው ዕድሜ አይበቃም ነበር፤ ከሱ በኋላ ጀማሪ ተማሪ እንኳ በአንድ ክረምት ይጨርሰው ጀመር። ማስተያያ ያልገባበት የአንባቢ ቤት አልነበረም። ነገር ግን በዚያ አገር ልማድ ዕቃ የሠራ ሰው ስም አይጠራም። «አራሽ ምርቱን ሲያስገባ ማረሻውን እጅ ይነሣል እንዴ?» ይላሉ። እናም አገሩ ሁሉ በእጇ ሥራ እያነበበ፣ የየሻረግ ካብ ዶሮ እንኳ አይከልልም ነበር። ለዚህ ግድ አልነበራትም ብል እዋሻለሁ። ከጉባኤ ስትመለስ ካቧን በእግሯ ነካ እያደረገች «ዛሬስ አደግክ?» ትለው ነበር።

የሻረግ የቆላ ልጅ ናት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ይመናሹ ነች፤ የወንድ ሥራ ነው ሲሏት ሞፈር ጨብጣ ያረሰችውም ታናሿ ትምህርቷን እንዳታቋርጥ ብላ ነው። ይመናሹ ብዙ ዘመን ልጅ አጥታ፣ ሰዉ ሁሉ ተስፋ ከቆረጠላት በኋላ አንዲት ሴት ልጅ ወለደች። ስም አውጪላት ብላ ለየሻረግ ሰጠቻት፤ የሻረግም ትርንጎ አለቻት። ይመናሹ ከዚያች ልጅና ከዚያች ታናሽ እህት በቀር በዚህ ዓለም ማንም አልነበራትም።

በዚያን ዘመን የዘር አባት የነበሩት መምህር ልሳነ የተባሉ ሽማግሌ ናቸው። ካባቸው ከጣሪያ ክፈፍ ይደርሳል፤ የብዙ ዓመት ካብ ነው፣ ጥርብ ድንጋይ የመሰለ። እሳቸው ሁልጊዜ የሚመርጡት ያንኑ የድሮውን ድብልቅ ስንዴ ነበር። «ዘር እንደ ጎረቤት ነው፤ ዓይነቱ ሲለያይ ነው የሚረዳዳው» ይሉ ነበር። ዋግ፣ ያ ስንዴውን ቀይ አቧራ ለብሶ እንዲደርቅ የሚያደርግ በሽታ፣ አንዳንድ ዓመት ይመጣል፤ ከድብልቁ ግማሹን ያጠፋና ግማሹን ይተዋል። አገሩ ይከሳል እንጂ አይሞትም።

አንድ ዓመት መምህር ዘርዓብሩክ የሚባል፣ ካቡ ከወገብ የማያልፍ፣ ድምፁ ግን ጉባኤ የሚሞላ አንባቢ ብድግ ብሎ፣ «እኔ ዘርዓብሩክ፣ ወርቄ ከተባለው ስንዴ ክር ውስጥ ዋግን የሚከላከል ቃል አግኝቻለሁ። ወርቄን ብቻ የዘራ አገር ከእንግዲህ ዋግ አያውቀውም!» አለ። ጭብጨባው ለጉድ ነበር።

የሻረግ ከዚያው ከዘርዓብሩክ ከረጢት አንድ እፍኝ ለምና ወሰደች። ክሩን አውጥታ ማስተያያው ላይ ወጠረችው። ቃሉ አለ፤ ሰውየው አልዋሸም። ግን ከሌላ የወርቄ ፍሬ ክር ጋር አልገጥም አላት። ከሌላ ስንዴ ጋር አስተያየችው፣ አልገጠመም። ከገብስ፣ ከእንክርዳድ፣ ከሻጋታ ጋር ሞከረችው፣ አልገጠመም። በመጨረሻ ከረጢቱ ሥር ከቀረው ዱቄት ውስጥ የምትሳብ አንዲት ነቀዝ አየች። የነቀዟን ክር አውጥታ ጎኑ ወጠረችው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ገጠመ።

ወደ ዘርዓብሩክ ቤት ሄደች። ለብቻው ሳልነግረው በጉባኤ ባዋርደው ነውር ነው ብላ ነው።

«መምህር፣ ያገኙት ቃል የስንዴው አይደለም» አለችው።

«የምን ነው ታዲያ?»

«የነቀዝ ነው። የተነቀዘ ስንዴ ነው ያሹት፤ ነቀዙም አብሮ ታሸ። ነቀዝን ዋግ አይመታውም፣ እሱስ ልክ ነዎት። ግን ነቀዝ ዘርተን ልንበላ ነው?»

ዘርዓብሩክ ይቆጣል ስትል ሳቀ። ጠላ እንዲቀዳላት አዘዘ።

«ተናገሪዋ!» አላት። «በጉባኤ ተናገሪ። በገበያም ተናገሪ። እንዲያውም ቆላ ደጋውን ዙሪና ንገሪ። እኔ አልቀየምም፣ የኔ እህት። አንድ አደራ ብቻ፦ ስሜን አስተካክለሽ ጥሪ። ዘርዓብሩክ ነው። አንዳንዱ ብሩክ ብሎ ያሳጥረዋል፤ እዚህ ታች ብሩክ የሚባል ሌላ አንባቢ አለ፣ ድንጋዬ እሱ ደጅ ይሄድብኛል።»

የሻረግ ከቤቱ ስትወጣ «እንዴት ያለ ልበ ሰፊ ሰው ነው!» አለች። ተምራ ተምራ ይህን አለች። የተማረ ሰው አንዳንዴ ከክሩ ቀና አይልም።

በጉባኤው ዕለት የካብ ሹሙ ጓንጉል ከበር አስቆማት። ጓንጉል በዚያ አገር ከሁሉ የሚከበር ሹም ነው፤ አንድም ነገር አንብቦ ባያውቅም ገመዱ እሱ እጅ ነበር።

«ያ ሰው፣ አንድ ሰው፣ እያልሽ እንዳትናገሪ» አላት። «የሰው ነገር ስትነኪ ስሙን ጠርተሽ ንኪ። ስም ያልተጠራበት ነገር ሐሜት ነው። ሐሜት ደግሞ እዚህ አይሰማም።»

እሷም ስሙን ጠርታ ተናገረች። «መምህር ዘርዓብሩክ ተሳስተዋል» አለች። ኳ! አለ የሰሚው ድንጋይ። «ዘርዓብሩክ ያነበቡት የነቀዝ ክር ነው።» ኳ! «ዘርዓብሩክን ብናምን እንራባለን።» ኳ! ከዚያማ ጉባኤው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ዘርዓብሩክ ተሳስቷል ይላል፣ ግማሹ ዘርዓብሩክ አልተሳሳተም ይላል። ሰሚው ጆንያው አልቆበት ተተኪ አስጠራ።

በበነጋው መምህር ልሳነ አስጠሯት።

«ልጄ፣ ዝም በይ» አሏት።

«ነቀዝ አይደለም እያሉኝ ነው?»

«ነቀዝ ነው። እኔም በማስተያያሽ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እንዴት ዝም እላለሁ?»

«ሳትናገሪ በፊት ካቡ ከወገብ አያልፍም ነበር። ዛሬ ሄደሽ እዪው። እሳትን በማገዶ እየመታሽ ነው፣ ልጄ።»

«ካቡ ቢያድግ ምን ይጎዳል? ሰዉ እውነቱን ካወቀ ማን ይቀበለዋል?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሰው ስም ነው የሚያስታውስ። ምን ተባለ የሚለውን ማን ያስታውሳል?»

የሻረግ የሽማግሌውን ቃል ለመፈጸም ሞከረች፤ ይህን ልመስክርላት። ገበያ ወጥታ የዘርዓብሩክን ነገር ትታ መምህር ልሳነን እያመሰገነች መናገር ጀመረች። የመረጡት ዘር እንዳላሳፈረ፣ ድብልቁ ስንት ጊዜ አገር እንዳተረፈ ተናገረች። ሰዉ አዛጋ። ትክክል ስለሆነ ሰው ምን ይወራል? ከመሐል አንዱ፣ «ይልቅ ያንን የነቀዙን ሰውዬ አጫውችን እንጂ!» አላት፤ ሌላውም ሳቀ፤ እሷም እውነቱን እስከሰሙ ድረስ ይሳቁ ብላ ነገረቻቸው። ስሙንም አስተካክላ ጠራች።

እንዲህ እያለች እስከ ቆላ ወረደች። ከኋላዋ ሰሚ ተመደበባት፤ በኋላም ለሰሚው ድንጋይ የምትጭን አህያ ተጨመረችለት። በእህቷ ግቢ ቆማ ለአገሯ ሰው ሁሉ ስለ ዘርዓብሩክ ነገረች። ሰዎቹ የዘርዓብሩክን ስም ከዚያ በፊት ሰምተውት አያውቁም ነበር። ትርንጎ አክስቷን እየተከተለች «ዘርዓብሩክ! ዘርዓብሩክ!» ስትል ግቢው በሳቅ ሞላ። ሰሚው ሕፃን ሲጠራም ጣለ።

የሻረግ ወደ ከተማ ስትመለስ መንገዷ በዘርዓብሩክ ደጅ ነበር። ካቡ በሩን አልፎ፣ መስኮቱን አልፎ ክፈፉ ሥር ደርሷል። ቆማ አየችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ከአፏ አልወጣም፤ ከአፍ የወጣ ግን አፋፍ ነውና እሷ ዝም ስትል አገሩ ዝም አላለም። የነቀዙ ቀልድ በየጠላ ቤቱ ይነገራል፣ በየሠርጉ ይዘፈናል፣ ሲነገርም ከነስሙ ነው።

የካብ ቀን ደረሰ። ጓንጉል ገመዱን ዘረጋ። የዘርዓብሩክ ካብ ከመምህር ልሳነ ካብ የአንድ ዶሮ ቁመት በለጠ። «የዘር አባት ዘርዓብሩክ!» ተባለ፤ ለዚያም ድንጋይ ተጣለለት። ወርቄ ለአገሩ በሙሉ ታደለ። የድሮው ድብልቅ ዘር ከየገበሬው ተሰብስቦ፣ ከእንግዲህ ምን ያደርጋል ተብሎ ለንጉሡ ፈረሶች ቀለብ ተሰጠ። የሻረግ በነጋዴ እጅ ለእህቷ «ወርቄን አትዝሪ» ብላ ላከች። ይመናሹም «ሌላ ዘር የት አለና?» ብላ መለሰች። ከዚያ ወንዙ ሞላና መንገዱ ተዘጋ።

በዚያ ዓመት ዋግ መጣ። ከደጋው ስንዴ ጀምሮ ወደ ቆላ ወረደ፤ የሚተወው ዓይነት አላገኘም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበርና። ማሳው ሁሉ ቀላ። ገለባው በእጅ ሲነኩት ዱቄት ይሆናል። የሆነውን መዘርዘር አልወድም። ሰው አለቀ። መምህር ልሳነ ቀለባቸውን ለደጅ ጠኚ እየሰጡ ሞቱ። እኛ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ በዚያ አገር የሞተ ሰው ካብ በቀብሩ ዕለት ይፈርሳል፣ ድንጋዩም ወደ ሰሚዎች ጆንያ ይመለሳል። የዘርዓብሩክ ካብ ግን ያድግ ነበር። ልጁን የቀበረ ሁሉ «ዘርዓብሩክን እሳት ይብላው!» ይላል፤ ኳ! «ዘርዓብሩክ ዘር አይውጣልህ!» ኳ! ድንጋይ ከመወደዱ የተነሣ መቃብር ላይ የሚጫን ጠፍቶ ሙታኑ በአፈር ብቻ ተከደኑ። ዘርዓብሩክም ከሰገነቱ ሆኖ፣ «ዋግ የገባው ወርቄን አራርቃችሁ ስለዘራችሁ ነው። ለከርሞ አጠጋግታችሁ ትዘሩታላችሁ» ብሎ አወጀ።

ወንዙ ሲጎድል የሻረግ ቆላ ወረደች። ትርንጎ ከተቀበረች ቀናት አልፈዋል። ይመናሹ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ለመቆም አቅም የተረፋቸው ጎረቤቶች ከበዋታል። ሰሚው ጆንያውን ከፍቶ በሩ ላይ ይጠብቃል። ለቅሶ ቤት ለሰሚ ደኅና ገበያ ነበር።

የሻረግ እህቷ እግር ሥር ወደቀች። አለቀሱ። ከዚያ ይመናሹ ቀና አለች።

«መጣሽ?»

«መጣሁ፣ እትዬ።»

«አልጠበቀችሽም። አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው ስትል ከረመች።»

ይመናሹ ወደ ሰማይ አየችና ጡቷን አውጥታ፣ የእናት እርግማን ልትረግም አፏን ከፈተች።

«ዘርዓ...»

የሻረግ ተወርውራ አፏን በእጇ ያዘች።

«አትጥሪው እትዬ! በፈጠረሽ አትጥሪው!»

«እጅሽን አንሺ! ልጄን የበላብኝን አልርገም?»

የሻረግ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በጠራሽው ቁጥር ካቡ ያድጋል። ካቡ ካደገ የከርሞውንም ዘር እሱ ይመርጣል። ያንኑ ወርቄን ነው የሚመርጥ። ትርንጎ አልፋለች፤ የቀሩት ልጆችም ይሄዳሉ።»

ይመናሹ ሰሚውን አየችው። ጆንያውን አየችው። ገባት።

«ታዲያ ማንን ልርገም?» አለች። «ይኸን እሳት ይዤ ልቀመጥ? አንጀቴ እርር ብሏል እኮ፣ የሻረግ። ማንን ልርገም?»

«እኔን እርገሚ።»

«አንቺን? አንቺ ምን አጠፋሽ?»

የሻረግ ብድግ አለች። አሁን ድምጿን ጎረቤቱም ሰሚውም እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች። «እኔ ነኝ» አለች። «ይህን ስም እዚህ ግቢ ያመጣሁላችሁ እኔ ነኝ። ከኔ አፍ ሳትሰሙት በፊት ታውቁት ነበር?»

አንዲት ጎረቤት፣ ሁለት የቀበረች ሴት፣ በቀስታ «እውነቷን ነው» አለች። «የአገራችን ልጅ ስሙን አስሬ የምትጠራው ትልቅ ሰው ቢሆን ነው ብለን እኮ ነው ሳንፈራ የዘራነው። ነቀዝ ምናምን ያለችውንማ ማን ልብ አለው?»

ይመናሹ ታናሽ እህቷን ትኩር ብላ አየቻት። የዚያን ዕለት ሐዘኗ እውነት ነበር፣ ንዴቷም እውነት ነበር፤ ቀጥሎ ያለችው የማስመሰል እንዳይመስላችሁ።

«የሻረግ» አለች። «የሻረግ፣ ስምሽ ይጥፋ!»

ሰሚው ግራ ገባው። የሻረግ ካብ ያላት አዋቂ ናት? ትንሽ ብትሆንም አላት። እጁን ጆንያው ውስጥ ከተተና አንድ ድንጋይ ጣለ። ኳ!

የሻረግ ድንጋዩን ቆማ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ከግቢው ወጣችና ወደ ቀጣዩ ለቅሶ ቤት ገባች። እዚያም «እኔ ነኝ» አለች። ከዚያም ወደሚቀጥለው። ቆላውን ጨርሳ ደጋ ወጣች። በየደረሰችበት «አንተ ልጅህን፣ አንቺ ባልሽን የቀበራችሁት በኔ ነው። ስሜ የሻረግ ነው፤ አስተካክላችሁ ጥሩኝ» ትላለች። የተራበ ሰው ከሩቅ ሹም ይልቅ ፊቱ የቆመችውን መርገም ይቀለዋል። ድንጋይ የወረወሩባት አሉ፤ ሰሚውም ያንኑ ድንጋይ አንስቶ ጆንያው ይከትታል። የዘርዓብሩክ ስም ከሰው አፍ እየራቀ፣ የእሷ እየገባ ሄደ። ክፉ ቀን ሲመጣባቸው «የሻረግ መጣች» ይሉ ጀመር፤ ሕፃን ሲያስፈራሩም በእሷ ነው።

የካብ ቀን ደረሰ። ዶሮ የማይከልለው የየሻረግ ካብ ከክፈፍ በላይ ወጥቶ የዘርዓብሩክን በልጦ ነበር። ጓንጉል ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«ይሄ እርግማን ነው!» ብሎ ጮኸ ዘርዓብሩክ። «ይሄ ካብ ሙሉውን እርግማን ነው! እንዴት ይቆጠራል?»

ጓንጉል ገመዱን እየጠቀለለ፣ «መምህር፣ ድንጋይ ቋንቋ አይችልም» አለው። «ቢችል ኖሮ ዓምና እርስዎስ የት ይገኙ ነበር?» በሕይወቱ የተናገረው አንድ እውነት ይኸው ነው፤ እሱም ቀልድ መስሎት ነበር።

ሕጉ ሴት ስለማያውቅ የዘር አባት ወይዘሮ የሻረግ ተባለች። የድሮው ድብልቅ ዘር ይፈለግ አለች። የንጉሡ ፈረሶች ገብስ እንጂ ስንዴ አይጥማቸውም ኖሮ፣ ያ ሁሉ ሰው ሲያልቅ ዘሩ በዘበኛ እየተጠበቀ ከነጎተራው ተቀምጧል። እሱ ታደለ። ዝናቡ ጥሩ ነበር። ዋግም መጣ፣ ግማሹን አጥፍቶ ግማሹን ተወ። አገሩ በላ።

ከምርቱ በኋላ ይመናሹ ከተማ ወጥታ እህቷ ቤት ገባች። የመጨረሻ ጊዜዋ ነበር።

«አሁን ልንገራቸው» አለች። «ሆዳቸው ሞልቷል፣ ይሰሙኛል። ያተረፈቻችሁ እሷ ናት ልበላቸው።»

«ከነገርሻቸው ያመሰግኑኛል» አለች የሻረግ።

«ያመስግኑሽ እንጂ! ምን አለበት?»

«እስከ መቼ ያመሰግኑኛል፣ እትዬ? ጥሩ ስለሠራ ሰው ሁለት ቀን ይወራል፣ በሦስተኛው ይረሳል። እርግማን ነው የማይረሳው። እኔን ሲተዉ ደግሞ እሱን ይጀምራሉ። ሰውየው እኮ ካቡ አልፈረሰም፤ ደጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።»

ይመናሹ ብዙ አለቀሰች። ሲመሽ ተነሥታ ሄደች።

እስካሁን በዚያ አገር የሚዘራው ድብልቁ ነው። እስካሁን ዳቦ ሲቆረስ የየሻረግ ስም ይጠራል፤ የሚጠራው ለእርግማን ነው። አንባቢዎቹም በማስተያያዋ እያነበቡ ይረግሟታል። እሷም በዚያ ቤቷ ክሯን ወጥራ ስታነብ ትውላለች፤ የሚጎበኛት የለም።

የካብ ቀን ሲቃረብ ይመናሹ ከቆላ ትወጣለች። አርጅታለች፤ ድምጿ ግን አልደከመም። ገበያው መሐል ቆማ እህቷን በስሟ እየጠራች ትረግማለች። ከሁሉ ጮክ ብላ የምትረግማት እሷ ናት። ሰዉም «ምስኪን፣ ልጇን እኮ ነው ያጠፋችባት» እያለ አብሯት ይረግማል፤ ሰሚውም ይጥላል። ድምጿ ሲዘጋ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎትታ ወደ ቆላ ትወርዳለች። የእህቷ ቤት መንገዱ ዳር ነው። ሰው ያያልና አትገባም።